ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎልደር

ይድረስ ለምወድሽ ባልንጀራዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ቻለ ወይስ አሁንም ከታች ሆነሽ ልጆቹን ትጣሪያለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ በመነጽር ላይ ሌላ መነጽር አምሮታል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳትጽፍልኝ ዛሬ ከየት መጣች ብትይ እውነትሽን ነው። ብቻ ደብዳቤውን ከመቅደድሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፤ ከዚያ እንደፈለግሽ አድርጊው።

መጀመሪያ የሚያስቅሽን ልንገርሽ። ሊኑክስ ተማርኩ! አዎ፣ እኔው። ያ አንቺ ከመሄድሽ በፊት በነበረው ዓመት በትምህርት ቤቱ ሪከርድ ክፍላችን ኮምፒውተሮች ላይ በዊንዶውስ ፈንታ የጫኑብን፣ «ይሄ ደግሞ የምን ጣጣ ነው» እያልን አብረን የረገምነው። የኮምፒውተር ባለሙያው ሥራ ለቆ ሲሄድ ምትክ አልመጣም። አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ርዕሰ መምህሩ መጥተው አናቴ ላይ ይቆሙ ነበር። ተናደድኩ። ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላኝ ሴት በአንድ ጥቁር ስክሪን ልናቅ? እንተያያለን አልኩና ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ገዝቼ የምሳ ሰዓቴን ለእሱ ሰጠሁት።

የመጀመሪያው ሳምንት ውርደት ነበር። ፓስዎርድ አስገቢ ይለኛል፤ እጽፋለሁ፤ ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ የለችም። ኪቦርዱ ሞቷል ብዬ ለንብረት ክፍሉ ሰውዬ መለስኩለት። ሌላ ሰጠኝ፤ እሱም ሞተ። ሦስተኛውን ይዤ ስሄድ፣ «እትዬ፣ ኪቦርዱን ይበሉታል እንዴ?» አለኝ። ለካስ ፓስዎርድ ሲጻፍ ሆን ብሎ አያሳይም! መጽሐፉ ገጽ አርባ ላይ ይናገራል፤ እኔ ገጽ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ኮሪደር ላይ ባየኝ ቁጥር እጁን ወደ ኋላ አድርጎ አንድ ነገር እንደሚደብቅ ይሆን ነበር።

እየገባኝ ሲሄድ ግን ደስታው ምን ልበልሽ! አንዲት ትእዛዝ ጽፌ አራት መቶ ፋይል በየስሙ ሲሰለፍልኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ። አንቺም እኔም ያኔ ፈርተን ነው እንጂ አእምሯችን ደንዝዞ አልነበረም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ሳልፈራ ልጻፈው።

ከሁለት ወር በፊት፣ ማሽኑ ከዚህ ቀደም የታዘዘውን ሁሉ መዝግቦ እንደሚያስቀምጥ ከመጽሐፉ ተረዳሁና ዝርዝሩን አወጣሁ። ዝርዝሩ አናት ላይ፣ መማር ከመጀመሬ በፊት የጻፍኳቸው አምስት መስመሮች አሉ። ትዝ አሉኝ። ያኔ ኮምፒውተሬ ሞልቶ ሲንቀራፈፍ ባለሙያው በቁራጭ ወረቀት ላይ «የማትፈልጊውን በዚህ አጥፊ» ብሎ የሰጠኝ ትእዛዝ ነው። አምስተኛው መስመር ላይ ያ ፎልደር በስሙ ተጽፏል። የተመራቂዎቹ ውጤት። አንቺ የሰባት ዓመቱን አንድ በአንድ የጻፍሽው፣ በኋላም አጠፋሽው ተብለሽ ያለቀስሽበት።

መጀመሪያ የራሴን ነው ያጠፋሁት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አየሽ፣ እኔና አንቺ በካርቦን ወረቀት ያደግን ታይፒስቶች ነን። ሁለት ቦታ የሚታይ ነገር ለእኛ ሁለት ወረቀት ነው፤ ከሥር ያለውን ኮፒ ብትጥይው ዋናው ከላይ ደህና ይቀመጣል። ፎልደሩ በእኔም ስክሪን ላይ ሲታይ ኮፒው መስሎኝ ነበር። ባለሙያው ግን ሁለታችንም እንድንሠራበት ብሎ ያንቺን አንዱን ፎልደር ከእኔም ማሽን እንዲታይ አደረገው እንጂ አልገለበጠውም። ላለማመን ሞከርኩ። በአንቺ ማሽን ላይ፣ ያ ፎልደር በነበረበት የጋራ ቦታ፣ የማይረባ ነገር ጽፌ አስቀመጥኩ። ወደ ጠረጴዛዬ መጥቼ ከእኔ ማሽን ላይ አጠፋሁት። ከዚያ ስድስት እርምጃ ተመልሼ ወንበርሽ ላይ ተቀመጥኩና ያንቺን ከፈትኩ። የለም። እዚያው እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ።

እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አንቺ አይደለሽም።

ይሄ ባለማወቅ ነው፤ እግዜር ይቅር ይለው ይሆናል። የሚቀጥለው ግን ባለማወቅ አይደለም። ያኔ ርዕሰ መምህሩ ለብቻዬ ጠርተው፣ እሷ ሳታስበው አጥፍታው ይሆን ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ሰሞኑን ትረሳለች» አልኩ። ነገሩ ወደ እኔ እንዳይዞር ፈርቼ ነው። እናትሽን ስታስታምሚ እንቅልፍ አጥተሽ እንደነበር ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከሥራ ያስወጣችሽ ያቺ ቃሌ ናት። እስከ በሩ ሸኝቼ፣ አቅፌ፣ «አይዞሽ» ያልኩሽም እኔው ነኝ። ሳስበው ፊቴ እሳት ይሆናል።

ስምንት ቀን በሆዴ ያዝኩት። ያን ስክሪን ከእኔ በቀር የሚያነብ ሰው አልነበረም። ዝርዝሩን ለመደምሰስ አንድ መስመር ይበቃል፤ እንዴት እንደሚጻፍም አውቃለሁ። አልዋሽሽም፣ አንድ ቀን ጽፌው ነበር፤ የመጨረሻውን ቁልፍ ልጫን ስል እጄ እምቢ አለኝ። በዘጠነኛው ቀን የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ «ትረሳለች» ያልኩትንም ጭምር። ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ለምን እስከ ዛሬ ዝም እንዳልኩ ጠየቁኝ። «ትላንትና ማንበብ አልችልም ነበር፤ ዛሬ እችላለሁ» አልኳቸው።

ከዚህ ጋር የታጠፈውን ባለ ማኅተም ወረቀት አንብቢው። ጥፋቱ ያንቺ እንዳልነበረ ይናገራል። ግልባጩን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፈውታል፤ ሰዉ ቆሞ ሲያነብ በዓይኔ አይቻለሁ። ያንቺን መደብ ያኔ አጥፈውት ነበር፤ አሁን ግን በክፍሉ አንድ መደብ ክፍት ሆኗል፣ ቅድሚያውም ላንቺ ነው ብለዋል። ሰኞ ብትሄጂ ይቀበሉሻል። ማሽኑን አትፍሪው። መጽሐፉን ልኬልሻለሁ፤ በየገጹ ጠርዝ ላይ እኔ የተሳሳትኩትን ሁሉ ጽፌበታለሁ፣ አንቺ አዲስ ስህተት ፈልጊ።

ስለ እኔ አታስቢ። ጠዋት ጠዋት እንቅልፌን እጠግባለሁ። በሰፈሬ ያለችው የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሱቅ ባለቤት ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተሮቼ ላይ ሊኑክስ ጫኚልኝ ብላኝ፣ ሁለቱን አስነስቼላት ጉድ ብላለች። ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም፤ ልብሽ ሲፈቅድ በሬ ክፍት ነው።

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ልጆችሽን ይባርክልሽ፣ ሥራሽን ያሳምርልሽ። ሰኞ ስትገቢ መስኮቱ አጠገብ ያለውን፣ የእኔ የነበረውን ጠረጴዛ ውሰጂ፤ ብርሃኑ ለዓይን ይመቻል። መሳቢያውን ባዶ አድርጌ ወልውዬዋለሁ፤ ቁልፉ ፖስታው ውስጥ ነው።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠረጴዛ ጎረቤትሽ፣
የበደለችሽ ባልንጀራሽ