ንጹሑ ነው ወይስ መዳብ የገባበት?

ሰኞ፣ ከትምህርት ቤት መልስ

ሰይዴ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። የእማን ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚይዘው ብረት ንጹሕ ቲታኒየም ነው ወይስ መዳብ የገባበት? ዛሬም አድርጋው ነበር። በግራ በኩል ሳትሞርደው የተውከው ጠርዝ ድዷን ቆረጣት። ደሙን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ አወለቀችው። ምሳዋ አጥሚት ሆነ። ደሴ ወስደን እናስተካክለው ብንላት እምቢ። ልጄ የጀመረውን ባዕድ አይነካውም ትላለች። ለኢድ ሥጋ ታኝኪያለሽ ያልካት አንተ ነህ። ተነስና ጨርስላት።

ማክሰኞ

ማስታወሻዬ፣ ወንድሜ አይመልስም። ላንተ ልጻፍ።

አጎቴ ሁሴን መጡ። የሟች ዕቃ ለሰደቃ ይውጣ አሉ። ኮቱ፣ ጫማው፣ መሞረጃ ሞተሩም። ደሴ ላለ ጥርስ ሠሪ ይሰጣል፤ ለሰይድ አጅር ይጻፍለታል። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ሊወስዱት ነው።

አጅር! ሳንባውን የጨረሰው ይኸው ሥራ አይደል? ዓረብ አገር ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ጥርስ ብረት ሲሞርድ፣ አቧራውን ሲምግ ኖሮ ሳል ይዞ ገባ። እዚህም አላረፈም። ጫቱ ጉንጩ ውስጥ፣ ጭምብሉ አገጩ ላይ። ልበሰው ስለው፣ "እሱን ከለበስኩ በምን ልቃም?" ይስቃል። ከዚያ ያስላል።

ረቡዕ

የምንማርበት የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተበላሽቷል። የኬሚስትሪ መምህራችን ራሳቸው ስለ ቅይጥ ብረት አስተማሩ። ቅይጥ ከንጹሑ ይጠነክራል አሉ። እጄን አወጣሁ። ወንድሜ መዳብ የገባበት ቲታኒየም ቶሎ ይሞረዳል፣ የሚያሰቃየው ንጹሑ ነው ይለኝ ነበር አልኩ። ከኋላ አንዱ፣ "የጥርስ ሐኪሙ!" ክፍሉ ሳቀ።

መምህሩ አልሳቁም። "እርጥብ እህል ወፍጮ ቤት ወስደህ ታውቃለህ? ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል። ደረቁ ነው ፍርክስ የሚለው።"

ገባኝ። ንጹሑ ለስላሳ ነው፤ ይጎተታል፣ የመሞረጃውን ድንጋይ ይደፍናል፣ ይግላል። ብትጫነው ይቃጠላል። መዳብ ሲገባበት ይጠነክራል፤ ግን እየተሰበረ ይረግፋል።

ስለዚህ ንጹሑ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ብዙ ሰዓት ማለት ብዙ አቧራ። ታዲያ ለምን ንጹሑ? ሰውነት አይጠላውም ይል ነበር ሰይድ። የሀብታም ሰውነት። የሱን ሰውነት ማን ጠየቀው?

ሐሙስ

እማ ነገ አጅባር ትሄዳለች፤ እህቷ ታማለች። ብረቱን ይዘሽ ሂጂ አልኳት። ምን ያደርግልኛል አለች።

አጎቴን ለመንኳቸው። ሞተሩ የእማ ጥርስ እስኪያልቅ ይቆይ።

"አንተ ደግሞ ልትከተለው ነው? ደብተርህን ያዝ!"

ዓርብ፣ ጠዋት

እማ ጎህ ሲቀድ ሄደች። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ስሆን የመጀመሪያዬ ነው። የሚያስል የለም። ጸጥታው ያስጠላል።

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ጭምብሉን እስከ ዓይኔ ድረስ ሳብኩት። ብረቱን እማ ከምታስቀምጥበት ብርጭቆ አወጣሁ። ሞተሩን ሰካሁ። የግራውን ጠርዝ ድንጋዩ ላይ ነካ አደረግኩት።

አይረግፍም። ይጎተታል። ወዲያው ድንጋዩ ላይ ተለጠፈ።

ንጹሑ ነው።

ለዕረፍት መጥቶ የአፏን ልክ ወሰደ፤ ዓረብ አገር ተመልሶ ይህን አስቀልጦ አመጣ። እያሳለ። ጮክ ብዬ ሰደብኩት። ቀላሉን ብታመጣላት ምን ነበረበት፣ ሰይዴ?

ድንጋዩን አጸዳሁ። ብረቱን ውኃ ነከርኩ። ሳልጫን፣ ነካ፣ ደግሞ ነካ። በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት፤ ገና ይቧጭራል። እንደገና ውኃ ውስጥ። አጎቴ እስኪመጡ ጁምዓ አለ፤ ከመጡም በሩ ላይ ይጠብቁኝ። ድንጋዩን ጠረግኩና ጠርዙን እንደገና ነካ አደረግኩት።