ቀጣይ ፌርማታ፣ ወፍጮ ቤት

ጥቅምት 9
አሥራ አንድ ፌርማታዎች ስማቸው ተቀየረ ተባለ። አውቶቡስ ውስጥ ስም የሚጠራው ድምፅ የኔ ነውና እንደገና ልቀረጽ ሄድኩ። “ወፍጮ ቤት” የነበረው “ማዕከል ሁለት” ሆነ። ወፍጮው ከፈረሰ ቆየ፤ ቦታው ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ቆሟል። አለቃዬ “በሌለ ነገር ስም እስከ መቼ?” አለ። እውነቱን ነው። ምሳ ሳይደርስ ጨረስኩ።

ጥቅምት 13
በእግሬ በዚያ አለፍኩ። ልጅ ሆኜ ከአባዬ ጋር እህል ይዘን የምንሰለፍበት በር የቱ ጋ ነበር? ዱቄቱ ፀጉሩ ላይ ሲያርፍ “ሸበትኩ እንዴ?” ይለኝ ነበር። አሁን የምሩን ሸብቷል። በሩን አላገኘሁትም። ያን ያህልም አልከፋኝም... ወይስ ከፍቶኛል?

ጥቅምት 15
አዲሱ ቅጂ ዛሬ አውቶቡሶቹ ላይ ተጫነ። ቅሬታ ያቀረበ የለም።

ጥቅምት 18
አባዬ ሐሙስ ሐሙስ ወፍጮ ቤት እየወረደ ጓደኛው ፀጉር አስተካካዩ ጋ ይሄዳል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህም ብቻውን ነው፤ በዚህ ክርክር አይወድም። ዛሬ ግን ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ “አባትሽ አልመጣም” ብሎ ደወለልኝ። ፈልጌ ፈልጌ መጨረሻው ፌርማታ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።
ሾፌሩ “ሁለቴ ዞረናል። ውረዱ ብላቸው እምቢ አሉኝ” አለ።
“አባዬ፣ ሰው አትጠይቅም?”
“ምን ልጠይቅ? አንቺ እስክትጠሪው ነው የጠበቅኩት።”
አንድ ቤት እየኖርን አልነገርኩትም። ትዝም አላለኝ። አፍሬ ውሃ ሆንኩ።

ጥቅምት 19
የድሮው ስም እንዲጨመር አለቃዬን ለመንኩት።
“ስም ሲረዝም ሰው ይሰለቻል።”
“አባቴ ሁለት ዙር ሙሉ አልሰለቸውም” አልኩት። ሳቀ።
“እሺ፣ ሦስት ቃል ጨምሪ። ከዚያ በላይ የለም።”
ባለፈው አሥራ አንዱን ስም በአንድ ትንፋሽ የጨረስኩ ሰው... ዛሬ ለሦስት ቃል ስድስት ጊዜ ተቀረጽኩ። ምን ነክቶኝ ነው?

ጥቅምት 25
አብሬው ሄድኩ። “ማዕከል ሁለት፣ የድሮው ወፍጮ ቤት” አለ ድምፄ። አባዬ ሊወርድ ከዘራውን አነሳ። ፊት ለፊታችን የተቀመጠች ትንሽ ልጅ እናቷን “ወፍጮ ቤት ምንድን ነው?” አለቻት። እናትየው ወደ ሕንፃው አየት አድርጋ “እኔም አላየሁትም” አለች።
አባዬ ከዘራውን መልሶ ጉልበቱ ላይ አጋደመውና ወደ ልጅቷ ዞረ።
“ምን መሰለሽ የኔ ልጅ...”
በሩ ተከፈተ። ተዘጋ። “ወራጅ አለ” አላልኩም።