የማሽኑ ዱካ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1965
ኮምፒዩተሩ ዛሬም ቆመ። ቴፑን ገና እንደጫንኩ... ድርግም። አለቃችን አቶ ተድላ ከቢሯቸው እየሮጡ መጡ። "አስነሺው! ቶሎ በይ!" አስነሳሁት። ለምን እንደቆመ ማን ይጠይቃል?
"ባንቺ እጅ ብቻ ነው የሚቆመው። ከደገመው ወደ ካርድ መብሳት ትመለሻለሽ፣ ሮማነወርቅ" አሉኝ።
ማሽኑ የሚያነበውን ካርድ ቀኑን ሙሉ መብሳት ነውር አይደለም። ግን የኮምፒዩተሩ ክፍል ለመግባት ስንት ለፋሁ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8
ምሳ ላይ ለምን እንደሚቆም ጌታቸውን ጠየቅኩት፤ ፕሮግራሞቹን የሚጽፈው እሱ ነው። ለካ ማሽኑ የሠራውን ሁሉ እየመዘገበ ነው የሚሄደው። ሆዱ ውስጥ ለዚሁ የተተወች ጠባብ ቦታ አለች። ስትሞላ እንደገና ከላይ ይጀምራል፣ አሮጌው ላይ እየጻፈ።
"ታዲያ ለምን አናየውም?"
"መቼ አስቀራችሁልን? ስታስነሱት ይጠፋል እኮ።"
ክው አልኩ። ስንቴ በገዛ እጄ ምስክሬን አጠፋሁ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11
የጎረቤታችን የኦቦ ነገሳ በሬ ሌሊት ተሰረቀ። የቡራዩ ሰው ግልብጥ ብሎ ሊያጽናና ወጣ። እኔም። ሽማግሌው በረቱ በር ላይ ቆመው "ዱካውን አትርገጡብኝ!" ቢሉ ማን ሰምቶ... በሬው በየት እንደወጣ ዱካው ጠፋ። አፈርኩ። እኛም ቢሮ እንዲሁ ነን፤ ለመርዳት ስንጣደፍ።

እሑድ
በሬው ሱሉልታ ተገኘ። ተመስገን። "እንኳን ደስ ያለዎት" ብላቸው "ገለቶሚ፣ ልጄ" ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14
ቆመ። እጄን ሰበሰብኩ።
"አስነሺው እንጂ!"
"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መጀመሪያ ውስጡ የተመዘገበው ይታተም።"
አለቃ ቆሞ እያዘዘ እኔ የማተሚያውን ቁልፍ ተጫንኩ። ወረቀቱ ወጣ። ከላይ እስከ ታች ያው አንድ መስመር ተደጋግሞ! መነሻው ተደምስሷል።
"ይኸው፣ ምን ተገኘ?" አሉ አቶ ተድላ።
ጌታቸው ባይኖር አልቆልኝ ነበር። "የመመዝገቢያዋ ቦታ ጠባ ነው። ከፕሮግራሞቹ ቦታ ላይ ቀንሰን እናስፋት" ብሎ ለመነልኝ። አቶ ተድላ ብዙ ካጉረመረሙ በኋላ "አንዴ ብቻ" አሉ። እግዜር ይስጣቸው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 20
ቆመ። ማንም አልነካውም። አሳተምን... መነሻው አለ! ጥፋቱ የካርድ ማንበቢያው ነው። ሳይጠሩት "ጨረስኩ፣ ጨረስኩ" እያለ ቴፑ ላይ የተያዘውን ማሽን ፋታ ይነሳዋል። ቴፕና ካርድ አብረው የሚሠሩት ደግሞ በእኔ ፈረቃ ብቻ ነው።
አቶ ተድላ ወረቀቱን አይተው ማንበቢያው እንዲጠገን አዘዙ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 4
ማንበቢያው ከተጠገነ ወዲህ ሰላም ነው። ዛሬ ግን በባልደረባዬ በማሪቱ ፈረቃ ሌላ ነገር አቆመው። እኔ ፈረቃዬን ጨርሼ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ነበር። ኋላ እንደነገረችኝ፣ እጇን ወደ ማስነሻው ቁልፍ ስትሰድ አቶ ተድላ ከበሩ ላይ "ተዪው!" አሏት። "ማንም እንዳይነካው። ሮማነወርቅ ትጠራ።"
ሻዬን ትቼ ሄድኩ።