ለሦስት አንድ ኮምፒውተር

ልጄ ፌኔት፣ የጌታ ሰላም ይብዛልሽ፤ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ። እኛ ጭሮ ደህና ነን፤ ወንድምሽ ቦንሳም ገለምሶ ሥራ ይዟል። ኢንተርኔቱ ስለተቋረጠ ይህን ደብዳቤ ናይሮቢ ለሚመጣው ለሮቤል ሰጠሁት። ከቅዳሜው የፕሮግራሚንግ ውድድር በፊት ባይደርስስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ባለፈው ውድድር መልሱን ይዘሽ፣ ሁለቱ የቡድን ጓደኞችሽ የጋራ ኮምፒውተራችሁን እስኪለቁልሽ ስትጠብቂ ሰዓቱ እንዳለቀ ቦንሳ ነገረኝ። ነደደኝ! እዚህም ከአንድ ትሪ ስትበሉ፣ ለእሱ እንዲተርፍ «ጠገብኩ» ብለሽ እጅሽን ቀድመሽ ትሰበስቢ ነበር። ጨዋ ልጅ እያልን አመሰገንንሽ። አሁን ግን አንቺ ስትተዪው ሦስታችሁም ናችሁ ጦማችሁን የምታድሩት።

ጉባኤው በሙሉ እየጸለየላችሁ ነው። እግዚአብሔር ጣቶችሽን ይባርክ። እባክሽ የኔ እናት፣ ቅዳሜ እጅሽን አትሰብስቢ።

እናትሽ ፈለቀች