ፈገግታ የታዘዘለት እንጨት

ጋዋ፣ የካቲት ፬ ቀን ፲፱፻፹፪ ዓ.ም.፤ ዕድሜዬ ሰባ አራት ዓመት ከሁለት ወር።

ለተከበሩ ወዳጄ ለአቶ ዘለቀ፤

በአገራችን አልቃሽ የሚጠራው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እዚህ ባዕድ አገር አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው በኖርሁት በሎቢ ጎሣ ሰዎች ዘንድ ግን ሐዘን ገና ሳይደርስ፣ በባለቤቱ ምትክ የሚያዝን የእንጨት ምስል ይቀረጻል። ጎረቤቴ ኦሎ ሁለት ልጆች ቀብሯል፤ ሚስቱ ዬሪ ደግሞ ዛሬ ነገ የምትወልድ ነበረች። የመንደሩ አዋቂ ያዘዘላቸውም ይህንኑ ምስል ነው።

ከአቢጃን ከተማ ኮፍያ እንጂ ልብ ገዝቶ ያልተመለሰው ኦሎ፣ ትናንት ምስሉን ከሽማግሌው ጠራቢ ሊረከብ ሄዶ ተቆጣ።

«እንዴ አባባ ሳንሳን! ይሄን አኩራፊ ደጄ ላይ ላቁመው? እንግዳ ምን ይለኛል? ትንሽ ፈገግ አድርጉልኝ እንጂ!»

«እሱ ከሳቀማ ልቅሶው ላንተ ነዋ የሚተርፈው፣ ባለ ኮፍያው!» አሉት ሽማግሌው።

ሲነታረኩ ዬሪ ሆዷን ደግፋ ደረሰች። ባሏን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ምስሉን አንሥታ አቀፈችው።

«እኔ ሁለቴ አልቅሻለሁ፤ የዚህኛውን እሱ ያልቅስልኝ» ብላ ይዛው ሄደች።

ዛሬ ጧት ምጥ ሲይዛት፣ ያ የእንግዳ ትዝብት ያስጨነቀው ጌታ ዶሮ አንጠልጥሎ በአኩራፊው እግር ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት። እንዲህ ያለ ወንድ ከዶሮው በምን ይሻላል? ቀትር ላይ ሕፃኗ ጮኸች፤ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። ምስሉ ግን ፊቱን አልፈታም።

የካርዱ ቦታ ጠበበኝ። ለወይዘሮ አስካለና ለልጆቹ ናፍቆቴን ይንገሩልኝ። አሁን በፖስታ ከትቼ፣ አሽጌ፣ እልከዋለሁ።