ማንጎው፣ ቦረቦሩ እና የፒካፔ መሪ

የካቲት 2፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 10፡00

ዛሬም ለመዞር አምስት ጊዜ። ወደፊት፣ ወደ ኋላ፣ ደግሞ ወደፊት። ከግራና ከተማ በላይ ያለው መንገድ የሚያልቀው አባ ይመር ደጅ ነው፤ በአንድ በኩል ማንጎአቸው፣ በሌላ በኩል ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር። የእኔ ፒካፕ ደግሞ ለመዞር ሜዳ ሙሉ ይፈልጋል። በአራተኛው ላይ የኋላ ጎማዬ የቦረቦሩን ጠርዝ ናደው። ካሶኒው ላይ ከገበያ የሚመለሱ ስድስት ሰዎች ነበሩ፣ ሁሉም ዘለው ወረዱ። የተጎዳ የለም፣ አልሃምዱሊላህ። ጋቢና ውስጥ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴ ከተጣመመ ታገሺኝ፣ አንቺ ደብተር።

ተሳፋሪውና የሰፈሩ ሰው እዚያው ቆመው ተመካከሩ። መኪናው ከፋብሪካው ሲሠራም እንዲህ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ ሲሠራም እንዲህ ነው አልኩ። እንግዲያው ማንጎው ይቆረጥና ቦታው ይስፋ ተባለ። አለዚያ መኪና አይወጣም፤ የሰፈሩ ሽንኩርት በሰው ጀርባ ወደ ገበያ ሊወርድ ነው። አባ ይመር ሰጠሁ አሉ። ዱዓ ተደረገበት። የሚቆረጠው ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ።

የካቲት 3፣ እሑድ። ጠዋት

ቁርስ ላይ የማስበው ማንጎውን ነው። ስምንት ዓመት በዚያ ዛፍ ጥላ ተቀምጬ ሰው ጠብቄአለሁ። አባ ይመር በየዓመቱ አንድ ጆንያ ማንጎ ለልጆቼ ያስጭኑኛል። ወጪት ሰባሪ ማለት እኔ ነኝ። ለባለቤቴ ለዘሃራ ነገርኳት። ሳህኑን እያነሳች፣ “ለአንተ መኪና የሰው ዛፍ ከሚቆረጥ፣ መኪናህን ለምን አታሳጥረውም?” አለችኝ።

ቀልዷን ነው። ግን ለምን አይሆንም? መኪናው ባያጥር እንኳ መዞሪያው ቢያጥርስ?!

የካቲት 4፣ ሰኞ

ገመድ ይዤ ወጣሁ። ከማንጎው ግንድ እስከ ቦረቦሩ ጠርዝ ለካሁና ቋጠሮ አሰርኩ። አባ ይመር ምን እንደምለካ አልጠየቁኝም፤ ለመቁረጡ መስሏቸው ይሆናል። ወደ መርሳ ከተማ ተመልሼ ገመዱን ሜዳ ላይ ዘረጋሁት። መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዤ ዞርኩ። ከቋጠሮው ሦስት እርምጃ አለፍኩ። ሦስት ብቻ! እኔ ስድስት ሰባት ይሆናል ብዬ ነበር።

ሮጬ መካኒኩ ጋሽ ታደሰ ጋ። ዞሬ አሳየሁት። ይህ መኪና ከዚህ የተሻለ መዞር አለበት፣ አንድ ነገር ይዞታል አለ። ነገ ከሥሩ ተኝቶ ያየዋል።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ። ከረፋዱ 5፡00

ተገኘ! ተገኘ! ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ፣ ግራና ቀኝ፣ አንድ አንድ ቡሎን አለ። መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር ጎማውን በቃህ የሚሉት እነሱ ናቸው። ከልክ በላይ ረዝመዋል። ጋ/ታደሰ ከሥር እንደተኛ፣ “ማነው እነዚህን ያስረዘማቸው?” አለኝ።

ነገርኩት። እኔ ነኛ። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ወልድያ። ለጭቃው ብዬ (ለጉራም ጭምር) ትልልቅ ጎማ አስገጠምኩ። ጎማው ከሥር ያለውን የባሌስትራ ብረት እየፋቀ ሲያስቸግር ቡሎኑን አስረዘምኩ። ጎማዎቹ አለቁ፣ ወደ ልኩ ተመለስኩ፣ ቡሎኑን ረሳሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ ምስኪኑን መኪና ሳማው ኖርኩ። ሁለታችንም በሳቅ ሞትን።

ከሰዓት በኋላ ይህን ስጨምር ሳቁ ለቆኛል። ሲሠራም እንዲህ ነው ያልኩት ትዝ አለኝ።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ቡሎኖቹ አጠሩ። ሜዳ፣ ገመድ። ግማሽ እርምጃ ብቻ ቀረ! ትንሽ ደግሞ አሳጥርልኝ ብዬ ጋሽ ታደሰን ለመንኩት። አሳጠረ። አሁን ደግሞ ጎማው የፍሬኑን ቱቦ መንካት ጀመረ። ጋ/ታደሰ መፍቻውን አስቀመጠ። ዛፍ ለማዳን ሰው አንገድልም አለ። ልክ ነው። ተናድጄ ምሳ ሳልበላ ዋልኩ። ሁለት ቀን ቀረ።

የካቲት 7፣ ሐሙስ። ማታ 12፡00

ማለዳ ጋሽ ታደሰ ራሱ ጠራኝ። ሲያስብበት አድሮ ቱቦውን ከጎማው አርቆ በማቀፊያ አሰረው። ፍሬኑን ደጋግመን ሞከርን፣ ደህና። ከዚያ ገመዱ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከቋጠሮው በአንድ ክንድ ወደ ውስጥ! ጋሽ ታደሰን አቅፌ በዘይት ተለወስኩ። ደስታዬን የምችልበት አጣሁ።

በዘጠኝ ሰዓት ባዶ መኪናዬን ይዤ ወደ ማንጎው ወጣሁ። በአንድ ትንፋሽ ዞርኩ፣ ወደ ኋላ ሳልል። አባ ይመር ከደጃቸው አዩኝ። ዛፉ ተረፈ አልኳቸው። ቀረብ ብለው ጎማውን አዩና፣ “ሲሠራም እንዲህ ነው ብለህ አልነበር?” አሉኝ። ታድሶ ነው አልኩ። የቡሎኑን ነገር ደበቅኩ።

ከዚያ እንዲህ አሉ፦ “ዱዓ የተደረገበትን ቃል እኔ አላነሣውም፣ ልጄ። የመስጊዱ ጀመዓ ያንሣልኝ።”

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ፈሪ ስል ራሴን ሰደብኩ።

የካቲት 8፣ ዓርብ። ከቀኑ 7፡20

ማንጎው ሥር ቆሜአለሁ፣ ጋቢና ውስጥ። አበባ አውጥቷል። ሰው ከመስጊድ እየወጣ ነው።

ዞሮ ማሳየት ብቻውን አይበቃም። ዛሬ ዞረ፣ ነገስ ቢከለክለው? ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ቀድሞ ለምን አልዞር እንዳለ፣ አሁን ለምን እንደዞረ ማወቅ አለባቸው። ይህን የምናውቀው ጋ/ታደሰና እኔ ነን። ከእንግዲህ በየገበያው ባለ ቡሎኑ ሰይድ ይሉኛል። ይበሉኝ። ዱዓው የተደረገው በእኔ ውሸት ላይ ነው፣ እኔው ነኝ የማነሣው።

ስለዚህ፦ መጀመሪያ እዞራለሁ። ከዚያ ወርጄ ሁሉም ፊት እናገራለሁ።

እየመጡ ነው። አባ ይመር ከፊት ናቸው። ምሳሩን ለሌላ ሰው አልሰጡም፣ ራሳቸው ተሸክመውታል። በቃ ደብተሬ፣ ልነሣ፣ ሞተሩን ላስነሣ።