በተውሶ ሕፃን የተነሣው ፎቶ

ለተከበሩ የጡት ማጥባት ሳምንት አክባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ከመካነ ሰላም ወዲያ ባለው ደጋችን፣ ብርዱና ኑሮው እንደፈቀደልን አለን። እኔ የሰብሌ አክስት ብዙዬ ነኝ። ሰብሌን ቢረሷት እንኳ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ የወለደች፣ «አርአያ እናት» ብለው ፎቶዋን በጤና ኬላው ግድግዳ የሰቀሉላት እሷ ናት። ስለ ውለታዎ በተራ ላመስግን።

፩ኛ፦ ሰብሌ አራስነቷን ሳትጨርስ ስለ ጡት ማጥባት እንድትሠለጥን ከተማ ድረስ ጠርተው፣ ሕፃን ስብሰባ ይረብሻልና ቤት ይቅር ስላሉ እናመሰግናለን። እሷ ስለ እናት ጡት ጥቅም ስትማር ውላ ቀሚሷ በወተት ርሶ ተመለሰች፤ ልጇ ምስክርም እኔ ዘንድ የስኳር ውሃ ሲጠጣ ዋለ።

፪ኛ፦ ፎቶ ሊያነሷት በመጡ ጊዜ ምስክር ከስቶ ለባነር አላምር ቢል፣ የሠራተኛዎን ድንቡሽቡሽ ልጅ አውሰው፣ ጡቷን አስይዘው ስላሳቀፏት ምስጋናችን ወሰን የለውም። የራሷን ልጅ እያለቀሰ ከጓሮ ይዤው የቆምኩ እኔ ነበርኩ።

፫ኛ፦ ትምህርቷን ትቀጥላለች ብለው በማይክሮፎን ቃል በገቡት መሠረት ተመለሰች። ትምህርት ቤቱ ግን ሕፃን አያስገባም፤ በእረፍት ሰዓትም ወጥታ እንድታጠባ በር አይከፍትላትም። ለእርስዎ ባመለክት፣ ጉዳዩ የትምህርት እንጂ የጤና አይደለም ብለው በትሕትና ሸኙኝ። ጡቷ አብጦ፣ ትኩሳት ጥሏት ትምህርቱን ተወችው። ባሏ ጥሏት ሄዷል፤ እኔም የማበላት አጣሁ። በመጨረሻ እንደ እኩዮቿ ዕድሜዋን አስጨምራ ዓረብ አገር ሄደች። ምስክር ያኔ መቀመጥ እንኳ አልጀመረም ነበር።

እዚያ ደርሳ ስትደውል ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፤ «አክስቴ፣ ቀን የሰው ልጅ ታቅፌ እውላለሁ፤ ማታ ወተቴን እቃ ማጠቢያው ላይ አልቤ ነው የምተኛ።»

እኔ ጡቴ የደረቀ ሴት ነኝ፤ በጡጦ እታገላለሁ፣ ልጁ ግን ከቀን ቀን ይከሳል። ተስፋ ቆርጫለሁና ምንም እንዲያደርጉልን አልለምንዎትም።

የዘንድሮው በዓልዎ ድንኳኑ የሰፋ፣ ጭብጨባው የደመቀ፣ አበሉም ሳይዘገይ የሚደርስ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ብዙዬ አባተ፣ ያለ ጡት አሳዳጊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አደራ፣ ያን ፎቶ እንዳያወርዱብን። ምስክርን ለሚዛን ጤና ኬላው ስወስደው እጁን ወደ ግድግዳው ይዘረጋል፤ እናትህ ናት ብዬዋለሁ። አፍ ሲፈታ፣ ጡቷን የያዘው ልጅ ማን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ወደ እርስዎ እልከዋለሁ።